አርፒኤሙ ለምን ይዘላል? ስፒዱዊኖን ከ36-1 ዲስክና ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ጋር ማስማማት

ጥያቄው፦ «የቶዮታ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩን ትቼ ክራንክ ፑሊው ላይ 36-1 ጥርስ ያለው (ለ36 ጥርስ ተከፍሎ አንዱ የጎደለ) ዲስክ አሠርቼ ገጥሜያለሁ። ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ኢሲዩው (የሞተሩ ኮምፒውተር) ስፒዱዊኖ ሲሆን የማስተካክለው በቱነርስቱዲዮ ሶፍትዌር ነው። በሞተሪኖ ሳዞረው አርፒኤሙ (በደቂቃ ያለው የዙር ብዛት) አንዴ 200፣ አንዴ 0፣ አንዴ ደግሞ የማይሆን ቁጥር ያሳያል። አልፎ አልፎ ይነሳል፣ ወደ ማኒፎልድም ይተኩሳል። ሲነሳ ደግሞ 3,500 አካባቢ ይቆራረጣል። የሲንክ ሎስ ቁጥሩ (ኢሲዩው የክራንኩን ቦታ ያጣበት ብዛት) ዝም ብሎ ይጨምራል። ትሪገር አንግሉን (1ኛው ጥርስ ከሴንሰሩ ሥር የሚያልፍበትን የክራንክ ዲግሪ) ደጋግሜ ቀይሬ ምንም አልተለወጠም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ትሪገር አንግሉን ለጊዜው ተወው። አንግሉ ቢሳሳት ብልጭታው ያለሰዓቱ ይመጣል፣ ሞተሩ ይተኩሳል ወይም አልነሳም ይላል፤ አርፒኤሙ ግን አይዘልም። አርፒኤም የሚዘለው ኢሲዩው የጎደለውን ጥርስ በየዙሩ ሳያገኘው ሲቀር ነው። አንተ የዘረዘርካቸውን ምልክቶች አንድ ላይ ሳያቸው በመጀመሪያ የምጠረጥረው የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች ነው፤ ተገላብጠው የተገናኙ ይመስለኛል። ብዙ ሰው «ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ እንዴትም ቢገባ ኦልተርኔቲንግ አይደል» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ በቁጥር ላሳይህ።

ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር (ቪአር የሚሉት) ውስጡ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ብቻ ነው። ጥርሱ ሲቀርብ ቮልቴጁ በአንድ አቅጣጫ ይወጣል፣ ጥርሱ ልክ ሴንሰሩ አፍንጫ ሥር ሲደርስ በፍጥነት ዜሮን ያቋርጣል፣ ሲርቅ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሄዳል። ያ ዜሮን የሚያቋርጥበት ቅጽበት ቀጥ ያለና ፈጣን ስለሆነ የጥርሱን መሀል በትክክል ይነግርሃል። ኮንዲሽነሩ (የሴንሰሩን ሲግናል ለኢሲዩው ወደ ስኩዌር የሚቀይረው፣ ስፒዱዊኖ ላይ ብዙ ጊዜ ማክስ9926 ያለበት ትንሽ ቦርድ) የሚጠብቀው አንድ ዓይነት አቋራጭ ብቻ ነው፤ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ የሚወርደውን። ሽቦው በትክክል ከገባ ያ አቋራጭ የጥርስ መሀል ላይ ይውላል። ከተገለበጠ ግን በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ይውላል።

ሁሉም ጥርስ እኩል ቢሆን ኖሮ ይኼ ብዙ ባልጎዳ ነበር። ችግሩ ያለው የጎደለው ጥርስ ጋ ነው። በሞተሪኖ 200 አርፒኤም ላይ አንድ ሙሉ ዙር 300 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ በ36 ሲካፈል በጥርስ 8.3 ሚሊሰከንድ ነው። ፖላሪቲው (የሁለቱ ሽቦዎች አገባብ) ትክክል ከሆነ የጎደለው ጥርስ ጋ ኢሲዩው አንድ 16.7 ሚሊሰከንድ ርቀት ያያል፤ እጥፍ ነው፣ አያሳስትም። ከተገለበጠ ግን አቋራጩ የሚውለው በሰፊው ባዶ ቦታ መሀል ስለሆነ ያው ርቀት ከጎኑ ካለው መደበኛ 8.3 ጋር (በድምሩ 25) ለሁለት እኩል ይከፈልና ሁለት ተከታታይ 12.5 ሚሊሰከንዶች ይመጣሉ። ስፒዱዊኖ አንድ ጥርስ ለጎደለው ዲስክ «ክፍተት ነው» ብሎ የሚቀበለው ካለፈው ጥርስ ጊዜ 1.5 እጥፍ ሲበልጥ ነው። 8.3 በ1.5 ስታባዛው 12.5 ይመጣል። ሲግናልህ ልክ ወሰኑ ላይ ቆሟል ማለት ነው! በሞተሪኖ ሲዞር ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንዱ ዙር ላይ ክፍተቱን ያገኘዋል፣ በሚቀጥለው ያልፈዋል። አርፒኤሙ የሚዘለው፣ ሞተሩም አንዳንዴ ብቻ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ በባዶው ቦታ ላይ ሲግናሉ ለጥ ያለ ነው፤ ወደ ዜሮ የሚጠጋው ቀስ ብሎ ስለሆነ ትንሽ ረብሻ ቅጽበቱን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ፍጥነት ሲጨምር ረብሻውም ስለሚጨምር ዝቅተኛ ዙር ላይ እንደምንም የሚሠራ ሞተር 3,500 ላይ ሊቆራረጥ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው። የኮይሎቹንና የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ንቀል፤ አርፒኤም እስኪረጋ ድረስ ብልጭታም ነዳጅም መኖር የለበትም። ካንዴላዎቹን ፈትተህ አውጣ፣ ሞተሩ በእኩል ፍጥነት ይዞራል። ቱነርስቱዲዮ ላይ የጥርስ ሎገሩን (በየጥርሱ መካከል ያለውን ጊዜ በዘንግ የሚያሳየውን) ክፈትና አሥር ሰከንድ ያህል አዙረው። የሚታዩህ ዘንጎች 34 እኩል አጫጭርና አንድ እጥፍ ረጅም ከሆኑ ፖላሪቲው ትክክል ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መካከለኛ ዘንጎች ካየህ ግን ሽቦው ተገልብጧል። በሴንሰሩ ሶኬት ላይ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይርና ድገመው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ሽቦውን ከመቀየር ይልቅ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን ትሪገር ኤጅ ከራይዚንግ (ሲግናሉ ሲወጣ) ወደ ፎሊንግ (ሲወርድ) መቀየር ይቀላል፣ አንዳንዴም የሠራ ይመስላል። አታድርገው። ከኮንዲሽነሩ ከሚወጣው ስኩዌር ሲግናል ሁለት ጠርዞች አንዱ ብቻ ነው ዜሮን ከማቋረጥ የሚወለደው። ሌላው ቮልቴጁ የተወሰነ ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚመጣ ስለሆነ ከፍጥነቱ ጋር ይንሸራተታል። የቦርዱ ሠሪ ያዘዘውን ኤጅ ያዝ፣ ፖላሪቲን በሽቦ አስተካክል።

ሽቦውን ቀይረህም ዘንጎቹ ካልጠሩ ወደ ሴንሰሩ ውረድ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ በመልቲሜትር ኦሙን ለካ፤ የዚህ ዓይነት ሴንሰሮች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ኦም እስከ 2,700 ኦም ባለው ውስጥ ናቸው። ክፍት ከሆነ (ሜትሩ ምንም ግንኙነት ካላሳየ) ወይም ወደ ዜሮ ከቀረበ ጣለው። ከዚያ በእያንዳንዱ ሽቦና በሞተሩ ብረት መካከል ለካ፤ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ቀጥሎ ሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ በሞተሪኖ አዙረው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካገኘህ ይበቃል። 0.2 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሴንሰሩ ሩቅ ነው፣ ወይም ዲስኩ ችግር አለበት። ሴንሰርህ ባለ ሦስት ሽቦ ሆል ቢሆን ኖሮ ይኼ የኦም ልኬት አይጠቅምም ነበር፤ ለእሱ 5 ቮልት ወይም 12 ቮልት ምግብና ወደ 5 ቮልት የሚጎትት 1 ኪሎ ኦም ፑል-አፕ ያስፈልጋል። ስፒዱዊኖ 0.4 ቦርድ ላይ ጄፒ2 ለክራንክ፣ ጄፒ3 ለካም ቪአር ወይም ሆል ብለው የሚመርጡ ጃምፐሮች ናቸው። ጄፒ2 በስህተት ሆል ላይ ቆሞ እንዳይሆን በዓይንህ አረጋግጥ፤ ብዙ ሰዓት የሚያባክን ስህተት ነው።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤቱ ሥራ እንምጣ፤ የተሠራ ዲስክ ላይ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። ዲስኩ ማግኔት የሚይዘው ብረት መሆን አለበት። አሉሚኒየምና ማግኔት የማይስበው ስቴንለስ ለቪአር ሴንሰር የሉም ማለት ነው፤ ማግኔት ለጥፈህ ሞክር። 150 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላለው ዲስክ ዙሪያው 471 ሚሊሜትር ነው፣ በ36 ሲካፈል ለጥርስና ለባዶው አንድ ላይ 13 ሚሊሜትር ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥርሱ 6.5፣ ባዶውም 6.5። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። የዲስኩ ውፍረት ከሴንሰሩ አፍንጫ የቀጠነ እንዳይሆን፤ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ከ36ቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ ከሥሩ አስቆርጠው፤ ግማሹ የቀረ ጥርስ ሴንሰሩ ላይ ደካማ ሲግናል ፈጥሮ ክፍተቱን ያበላሸዋል።

ዲስኩ የተያዘው የፑሊው ውጭኛ ቀለበት ላይ ከሆነ ፈትተህ አውጣው። ብዙ ፑሊዎች በውስጠኛው እምብርትና በውጭኛው ቀለበት መካከል ጎማ አላቸው፤ ጎማው ሲያረጅ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ታይሚንጉም አብሮት ይሄዳል። ሴንሰሩን ሳትነካ፣ ሶፍትዌሩንም ሳትነካ ከሳምንት በኋላ ታይሚንግ አምስት ዲግሪ ሄዶ ታገኘዋለህ። ዲስኩ ከእምብርቱ ጋር በብሎን መያዝ አለበት።

ዙሩ ቀጥ ብሎ መዞሩን በዳያል ጌጅ ለካ፤ ውጣ ውረዱ ከ0.2 ሚሊሜትር ባይበልጥ። ለምን ትላለህ? በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ 0.75 ሚሊሜትር አካባቢ ነው (ከ0.5 እስከ 1.0 ይሆናል፣ በፊለር ጌጅ ለካው)። ዲስኩ 0.5 ሚሊሜትር ከተወላገደ በአንዱ ጎን ሊነካ ይቀርባል፣ በሌላው ጎን ሲግናሉ ይደክማል። ኮንዲሽነሩ መነሻ ወሰኑን የሚያስቀምጠው ባያቸው ከፍተኛ ጫፎች መጠን ስለሆነ፣ ጠንካሮቹ ጥርሶች ወሰኑን ሲያሳድጉት ደካሞቹን ሊዘላቸው ይችላል። የሴንሰሩ መያዣም ከብሎኩ ጋር ወፈር ባለ ብረት ይታሰር። የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ላሜራ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ይርገበገብና ልክ እዚያች ዙር ላይ ብቻ ሲንክ ያጠፋል፤ ሽቦውን ካስተካከልክ በኋላም 3,500 ላይ ብቻ ከተቆራረጠ መጀመሪያ መያዣውን በእጅህ ነቅንቅ።

ክፍተቱ ከሴንሰሩ ሥር የሚያልፍበት ሰዓትም ይቆጠራል። በአራት ሲሊንደር ሞተር በየ180 ዲግሪው አንድ ፒስተን ኮምፕሬሽን ይጨርሳል፤ ወደዚያ ሲቃረብ ሞተሪኖው ይከብደዋል፣ ሲያልፍ ደግሞ ይፈተለካል። ክፍተቱ በዚያች ሰዓት ካለፈ በፍጥነት መለዋወጥ ይደበቃል ወይም የሌለ ክፍተት ይፈጠራል። መሀሉ ላይ፣ ማለትም ከቲዲሲ (ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) 90 ዲግሪ አካባቢ ቀድሞ ቢያልፍ ይመረጣል። ፎርድ ለአራት ሲሊንደር ሞተሮቹ 36-1 ዲስኩን ያስቀመጠው እዚያው ላይ ነው።

ቅንብሩ አጭር ነው። ትሪገር ፓተርን ሚሲንግ ቱዝ፣ ቤዝ ቲዝ 36 (35 ብለህ እንዳትጽፍ፤ የጎደለውም ይቆጠራል)፣ ሚሲንግ ቲዝ 1፣ ፍጥነቱ ክራንክ ስፒድ። ስኪፕ ሪቮሉሽን 1 ይሁን፤ የሞተሪኖው የመጀመሪያ ዙር የተዘበራረቀ ነው። ፊልተሩን ዊክ ላይ አድርገህ ጀምር። አግሬሲቭ ካደረግከው ያልተስተካከለ የሞተሪኖ ዙር ላይ እውነተኛውን ጥርስ ሊጥልብህ ይችላል፤ የሲግናል ችግርንም ይደብቃል እንጂ አይፈታም። ስፓርክ ሞዱ ዌስትድ ስፓርክ (አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ብልጭታ የሚሰጥበት) ይሁን። ካም ሴንሰር ሳይኖርህ ሴኩዌንሻል (ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በየተራው) ከመረጥክ ኢሲዩው የቱ ዙር ኮምፕሬሽን፣ የቱ ጭስ ማውጫ እንደሆነ አያውቅም፤ ወደ ማኒፎልድ መተኮሱም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የ4ኤ-ኤፍኢ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ስለሆነ አንዱ ኮይል ለ1 እና ለ4፣ ሌላው ለ3 እና ለ2 ነው። ስፓርክ አውትፑቱ ጎይንግ ሎው ወይስ ጎይንግ ሃይ እንደሆነ ኮይሎቹን ከመሰካትህ በፊት ከኮይልህ ዓይነት ጋር አስተያይ። ከተገለበጠ ኮይሉ ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ሳያቋርጥ ይሞላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይቃጠላል።

አርፒኤሙ ከ200 እስከ 250 ላይ ቆሞ ሲንክ ሎሱ 0 ሆኖ ሲቆይ ነው ወደ አንግሉ የምትመለሰው። የ1ኛውን ፒስተን ቲዲሲ በስክሩድራይቨር አትፈልገው፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለብዙ ዲግሪ እምብዛም አይንቀሳቀስም። በካንዴላው ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያቆም ብሎን አስገባ፣ ባትሪውን ነቅለህ ሞተሩን በእጅ እስኪቆም ወደ ፊት አዙር፣ ፑሊው ላይ ምልክት አድርግ፣ ወደ ኋላ እስኪቆም አዙር፣ ሌላ ምልክት አድርግ። የሁለቱ እኩሌታ ቲዲሲ ነው። ብሎኑን አውጥተህ ሞተሩን እዚያ አቁመው።

አሁን ከሴንሰሩ ሥር ያለው ጥርስ ስንተኛ እንደሆነ ቁጠር። 1ኛ ጥርስ የሚባለው ክፍተቱ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው ነው፤ አቆጣጠሩም ጥርሶቹ ከሴንሰሩ ሥር በሚያልፉበት ቅደም ተከተል ነው። 9ኛው ከሆነ 1ኛው ጥርስ ያለፈው ስምንት ጥርስ ቀድሞ፣ ማለትም 80 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ስፒዱዊኖ የሚጠይቀው ከቲዲሲ በኋላ ያለውን ስለሆነ 360 ሲቀነስ 80፣ 280 ትጽፋለህ። ዲስኩን ክፍተቱ 90 ዲግሪ ቀድሞ እንዲያልፍ ካሠራኸው የሚመጣልህ ቁጥር ይኸው ነው።

ይኼ መነሻ ብቻ ነው። ስፓርክ ሴቲንግ ውስጥ አንግሉን ፊክስድ 10 ዲግሪ አድርግ፣ ኮይሎቹን ሰካ፣ ኢንጀክተሮቹን ገና አትሰካ። ታይሚንግ ላይቱን 1ኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ አድርገህ በሞተሪኖ አዙርና የፑሊውን ምልክት ከቺንጋ መክደኛው ስኬል ጋር አስተያይ። መደወያ ያለው ታይሚንግ ላይት ዌስትድ ስፓርክ ላይ በአንድ ሳይክል ሁለቴ ስለሚያይ እጥፍ ያነባል፤ መደወያውን 0 ላይ አድርግና በስኬሉ ብቻ አንብብ። 16 ዲግሪ ካሳየህ ብልጭታው በ6 ቀድሟል፤ 280ውን 274 አድርገው። 4 ካሳየህ ዘግይቷል፤ 286 አድርገው። ከዚያ ኢንጀክተሮቹን ሰክተህ አስነሳው፣ ፊክስድ 10 ላይ እንዳለ ከሚኒሞ እስከ 3,000 ነዳጅ ስጠው። ምልክቱ መንቀሳቀስ የለበትም። ከፍጥነቱ ጋር ከአንድ ወይም ሁለት ዲግሪ በላይ ከተንሸራተተ ፖላሪቲው ወይም ኤጁ አሁንም ትክክል አይደለም፣ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለስ። ካልተንሸራተተ ፊክስዱን አጥፍተህ ወደ ታይሚንግ ካርታው ግባ።

ዙር ሲጨምር ብቻ የሚመጣ መቆራረጥ ከቀረ ረብሻን ፈልግ። የሴንሰሩ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙና ሽፋን ያላቸው ይሁኑ፤ ሽፋኑ ከኢሲዩው ጎን ብቻ ግራውንድ ይደረግ፣ በሁለቱም ጫፍ ካሰርከው ራሱ ረብሻ ይሸከማል። ማክስ9926 ሁለቱንም ሽቦ ለየብቻ ስለሚቀበል አንዱንም ከሞተሩ ብረት ጋር አታገናኝ። ሽቦው ከኮይሎቹና ከካንዴላ ሽቦዎች ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ መገናኘት ካለበት ተሻግሮ ይለፍ እንጂ ጎን ለጎን አይሂድ። ካንዴላዎቹ ሬዚስተር ያላቸው ይሁኑ፤ የካንዴላ ሽቦው ኦም ዜሮ ከሆነ ውስጡ ተራ መዳብ ነው፣ ለውጠው። ይኼ ሁሉ ተደርጎም የጥርስ ሎገሩ ላይ ተጨማሪ ቀጫጭን ዘንጎች ከታዩ ከሴንሰሩ አንዱ ሽቦ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አስገባ፤ ዙር ሲጨምር የሚያብጠውን ሲግናል ይገራዋል። ግን በሞተሪኖ ጊዜ ያለውን ደካማ ሲግናልም ይቀንሰዋልና ካስገባህ በኋላ በብርድ ጠዋት መነሳቱን አረጋግጥ።

ኦሲሎስኮፕ ብታገኝ ብዙ ግምት ይቀርልሃል። 6,000 አርፒኤም ላይ እንኳ የ36 ጥርስ ሲግናል 3,600 ኸርዝ ብቻ ነው፤ ዲኤስኦ138 የሚባለው ርካሹ ኪት ለዚህ ይበቃል። የሚችለው 50 ቮልት ስለሆነና ቪአር ሴንሰር በከፍተኛ ዙር ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል በሞተሪኖና በሚኒሞ ብቻ ተጠቀምበት።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ሌላውን ሁሉ ከመንካትህ በፊት ባትሪውንና የግራውንድ ሽቦውን አስተካክል፤ ኢሲዩው ራሱ ጠፍቶ ቢበራም አርፒኤም 0 ያሳያል። ዲስትሪቢዩተሩን ሙሉ በሙሉ ካወጣኸው ደግሞ ቴስታታው ላይ የቀረውን ቀዳዳ ኦሪንግ ባለው መክደኛ ድፈነው፤ ከዚያ የሚወጣ ዘይት ወርዶ ሴንሰሩና ሶኬቱ ላይ እንዳይፈስ።

ካስተካከልክ በኋላም ካልሆነ፣ በሞተሪኖ የቀረጽከውን የጥርስ ሎግ ከሴንሰሩ የኦም ልኬትና ከጥርሱ ርቀት ጋር ላክልኝ፤ ከዘንጎቹ ቅርጽ የቱ ጋ እንደቀረ ይታያል።